ዳይኖሰር በጣና ዳር፦ ለትንንሽ ልጆች በቤት የሚሠሩ ጨዋታዎች

ዳይኖሰር ልቡን የወሰደው ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ምልክቱ ብዙ ነው። ስሙን መጻፍ ገና ያልቻለ ልጅ "ትራይሴራቶፕስ" ለማለት ምላሱ አይተሳሰርም። ምሳ ላይ ይጮሃል፤ አልጋ ላይም ይጮሃል። ጥያቄው ማለቂያ የለውም። ይህ ጉጉት ትልቅ ሀብት ነው። ለስልክ ቪዲዮ ብቻ ሲተው ያሳዝነኛል። ቪዲዮ ያሳያል እንጂ አያስነካም፣ አያስቆፍርም፣ አያስለካም። ከ3 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ የሚማረው በእጁ ነው።

ብዙ ወላጆች "መጫወቻው ውድ ነው፣ ከየት እናምጣው?" ይላሉ። የፕላስቲክ ዳይኖሰር ካላችሁ እሰየው። ከሌላችሁም ምንም አይጎድልባችሁም። ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ዕቃው ሁሉ ግቢው፣ ኩሽናውና ሐይቁ ዳር አለ። ዶሮ አለ፣ የቡና አተላ አለ፣ ዋልካ ጭቃ አለ፣ ደንገል አለ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር አደራ። ልጁ መጀመሪያ ይይ፣ ይንካ፣ ይናገር። እናንተ ስሙንና ቁጥሩን በኋላ ትነግሩታላችሁ። "ምን ይታይሃል?" ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ዝምታው ሲረዝም መልሱን ለመንገር ያጓጓል፤ ቻሉት። ለአንድ ጨዋታ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ከሰለቸው ተዉት፤ ነገ ራሱ "እንጫወት" ብሎ ይመጣል።

ከዶሮ እግር ጀምሩ

ወፎች የዳይኖሰር ዘር ናቸው። ሳይንቲስቶች እንዲያውም ወፍን ከዳይኖሰር ወገን ነው የሚመድቡት፤ ሌሎቹ ሲጠፉ የተረፈው ወገን ማለት ነው። ስለዚህ ግቢ ውስጥ የምትጭረው ዶሮ ከየትኛውም ሥዕል የተሻለች መማሪያ ናት። ይህን ግን መጀመሪያ ላይ አትናገሩ። ለመጨረሻ አቆዩት።

1. ዶሮዋ ጥሬ ስትለቅም ከልጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩአት። እግሯን ብቻ። "ስንት ጣት ወደ ፊት አላት? ወደ ኋላስ?" ሦስት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ።

2. አረማመዷን እዩ። እግሯን ስታነሳ ጣቶቿ ይሰበሰባሉ፤ ስታሳርፍ ይዘረጋሉ። የምትሄደው በጣቶቿ ነው። ወደ ኋላ የሚታጠፈው፣ ጉልበት የሚመስለው ቦታ በእኛ ቢሆን ቁርጭምጭሚት ነው። ልጁም ተረከዙን አንሥቶ በጣቶቹ ይራመድ። ዳይኖሰሮችም በጣቶቻቸው ነበር የሚራመዱት።

3. ለበዓል ዶሮ ሲታረድ እግሯ አይጣል። ልጁ ማረዱን ማየት የለበትም፤ እግሩ ብቻ በፈላ ውኃ ታጥቦ ሳህን ላይ ይምጣለት። አሁን ቀረብ ብሎ ይይ። ቆዳው እንደ ላባው ለስላሳ አይደለም፤ በተደረደረ ቅርፊት የተሸፈነ ነው። ከፊት በኩል ያሉት ቅርፊቶች ሰፋ ሰፋ ያሉ ናቸው፤ ከጎንና ከመዳፉ ሥር ያሉት ደግሞ ጥቃቅን ናቸው። በጣቱ ጫፍ ይዳስሳቸው። ጥፍሩን ይንካ።

4. አሁን ልጁ የማይረሳው ነገር ይመጣል። ከተቆረጠው በኩል ነጭ ጅማቶች ይታያሉ። አንዱን በወረንጦ ያዙና ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ጣቶቹ ይጨበጣሉ። ስትለቁት መልሰው ይፈታሉ። ሌላኛውን ጅማት ከሳባችሁ ደግሞ ይዘረጋሉ። ልጁ ራሱ ይሳብ። ከዚያ የራሱን እጅ እየጨበጠና እየፈታ ክንዱ ላይ የሚንቀሳቀሰውን በሌላ እጁ ይዳስስ።

5. ምስጢሩን የምትነግሩት አሁን ነው። "ይሄ የቲ ሬክስ ዘመድ እግር ነው።" ግዙፉ ሥጋ በል ዳይኖሰር ቲ ሬክስም እንዲሁ በሦስት ትላልቅ ጣቶች ይረግጥ ነበር፤ አራተኛዋ ትንሿ ጣት ከኋላ ነበረች።

ሲጨርስ እጁን በሳሙና በደንብ ይታጠብ፤ የጥሬ ዶሮ ነገር ቀልድ የለውም። ወጡ ሲበላ ደግሞ ከደረቷ ላይ የሹካ ቅርጽ ያላትን ቀጭን አጥንት ፈልጉ። ቲ ሬክስም እንዲህ ያለ አጥንት ነበረው። ጊዜው ጾም ከሆነ ከ1 እና 2 አትለፉ፤ እሱም በቂ ነው።

በሐይቁ ዳር ስትንሸራሸሩ ትምህርቱ ይቀጥላል። ፔሊካኑ፣ ርግቡ፣ ጭልፊቱ ሁሉም የዚያ ወገን ናቸው። "እማዬ፣ ያ ደግሞ ዓሣ የሚበላ ዳይኖሰር ነው!" ሲላችሁ አታርሙት። ልክ ነው።

እንደ አርጃኖ መሳብ፣ እንደ ዳይኖሰር መቆም

ልጆች አርጃኖን ሲያዩ "ዳይኖሰር!" ይላሉ። መልኩ ያሳስታል። አርጃኖ ግን ዳይኖሰር አይደለም። ልዩነቱን ለማወቅ ንግግር አያስፈልግም፤ ሰውነት ይበቃል።

ልጁ መሬት ላይ በሆዱ ይተኛ። ክርኖቹንና ጉልበቶቹን ወደ ጎን አውጥቶ ይሳብ። አርጃኖና እንሽላሊት የሚሄዱት እንዲህ ነው። ከዚያ ይነሣና እጁና እግሩ ከሥሩ ቀጥ ብለው፣ በአራት እግር ይሂድ። ዳይኖሰር የሚቆመው እንዲህ ነው፤ እግሩ ከሰውነቱ ሥር ነው። የቱ ቶሎ ያደክማል? ልጁ ራሱ ይነግራችኋል። ይህን የሞከረ ልጅ ከዚያ ወዲህ የሚያየውን እንስሳ ሁሉ እግሩን መመርመር ይጀምራል። በሬውን፣ ድመቷን፣ ግድግዳ ላይ ያለችውን እንሽላሊት።

አንድ እርምጃ፣ አንድ ሚሊዮን ዓመት

"አያቴ ዳይኖሰር አይተዋል?" ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ልጅ የለም። "በጣም ድሮ ነው" የሚለው መልስ አይጠቅመውም። ለእሱ የባለፈው ጥምቀትም በጣም ድሮ ነው። ስለዚህ ጊዜን በእግሩ ይራመደው። ከምወዳቸው ጨዋታዎች ሁሉ ይሄኛው ይበልጥብኛል።

ቦታው ረዘም ያለ ቀጥ ያለ መንገድ ይሁን። በሐይቁ ዳር ያለው የእግረኛ መንገድ ወይም ዘንባባ የተተከለበት ሰፊ የእግረኛ መንገድ ጥሩ ነው። ካርቶን ቁረጡና አራት ምልክቶች ሥሩ፦ የሰው፣ የእሳተ ገሞራ፣ የቲ ሬክስ፣ የረጅም አንገት ዳይኖሰር። ጠመኔም ያዙ። ደንቡ አንድ ነው፤ አንድ የልጁ እርምጃ አንድ ሚሊዮን ዓመት ነው። አያቶቻችን ሁሉ፣ የአያቶቻችን አያቶችም፣ ገና አንድ እርምጃ ሳይሞላ ያልቃሉ።

ሦስት እርምጃ ሂዱና ቁሙ። ድንቅነሽ እዚህ ናት። በ1974 (እ.ኤ.አ.) በአፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። የሰውን ምልክት አስቀምጡ።

30 ላይ ሲደርስ እንደገና ቁሙ። የኢትዮጵያ ደጋ ሰፊው ክፍል በቀለጠ ድንጋይ የተሸፈነው በዚህ ገደማ ነው። ከመንገዱ ዳር ጥቁር ድንጋይ አንሡና አስይዙት። ባሕር ዳር አካባቢ ብዙው ድንጋይ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። ቀዳዳዎቹ ድንጋዩ ቀልጦ ሲፈስ በውስጡ የነበረ የጋዝ አረፋ ቦታ ናቸው። ልጁ ትንሿን ጣቱን ይክተትበት። ይህ ቀላል ነገር ለትልቅ ጥያቄ መልስ ነው። ልጆች ግቢ ቆፍረው የዳይኖሰር አጥንት ማግኘት ይፈልጋሉ። እዚህ አይገኝም፤ ከእግራችን ሥር ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዳይኖሰር ከጠፋ በኋላ የመጣ ነው።

66 ላይ የመጨረሻዎቹ ትላልቅ ዳይኖሰሮች አሉ። ቲ ሬክስና ትራይሴራቶፕስ እዚህ ናቸው፤ በሰሜን አሜሪካ። እዚህ ልጁ ደስ እስኪለው ይጩህ።

አሁን እስከ 150 ድረስ ሂዱ። ልጁ ከሃያ በላይ መቁጠር ካልቻለ አሥር አሥር እያላችሁ በጠመኔ መስመር አስምሩ። 150 ላይ የረጅም አንገቱን ምልክት አስቀምጡ። ጂራፋታይታን የሚባለው ግዙፍ ዳይኖሰር በዚህ ዘመን ታንዛኒያ ውስጥ፣ ቴንዳጉሩ በሚባል ቦታ ይኖር ነበር። አጥንቱን ከ1909 እስከ 1913 (እ.ኤ.አ.) ቆፍረው አውጥተውታል፤ ዛሬ በርሊን ሙዚየም ውስጥ ቆሟል፣ ቁመቱም 13 ሜትር ገደማ ነው።

የራሳችን ነገር ደግሞ አለ። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ ያንን ጥቁር ድንጋይ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሲቆርጥ ኖሯል። ሸለቆው ጥልቅ ሲሆን ከሥር ያለው በጣም አሮጌ ድንጋይ ተገለጠ። በዚያ ድንጋይ ውስጥ፣ የሙገር ጭቃ ድንጋይ በሚባለው ንጣፍ፣ ተመራማሪዎች የሥጋ በል ዳይኖሰሮች ጥርስ አግኝተዋል። ዕድሜው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። እዚሁ ከተማችን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ወንዝ ከገባሮቹ ጋር ነው ያንን ድንጋይ የገለጠው። ለልጅ ይህን መንገር ደስ ይላል። ዳይኖሰር የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም።

ከመመለሳችሁ በፊት ወደ ኋላ ዞራችሁ ምልክቶቹን እዩ። ከእኛ እስከ ቲ ሬክስ 66 እርምጃ። ከቲ ሬክስ እስከ ጂራፋታይታን 84 እርምጃ። ቲ ሬክስ ለእኛ ይቀርባል ማለት ነው! መጫወቻ ሳጥን ውስጥ አብረው የሚዋጉት ስቴጎሳውረስና ቲ ሬክስም በሕይወት አልተገናኙም፤ ስቴጎሳውረስ የጂራፋታይታን ዘመን ዳይኖሰር ነው። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ሲረዳ ፊቱን እዩት።

በዚያው አንድ ጥንቃቄ። ልጆች ጭቃውን ለማየት ወደ ውኃው ይጠጋሉ። በጣና ዳር ቢልሃርዚያ ስላለ ውኃ ውስጥ አይግቡ። ማለዳና አመሻሽ ላይ ደግሞ ጉማሬ ከውኃ ስለሚወጣ ከደንገሉ ራቁ።

"ታዲያ የት ሄዱ?"

ከእርምጃው በኋላ ይህ ጥያቄ ይመጣል። መልሱን አሳጥሩት። ከሰማይ በጣም ትልቅ ድንጋይ ወደቀ፤ ዛሬ ሜክሲኮ በምትባለው አገር። አቧራው ፀሐይን ሸፈነ። ቅጠል ደረቀ፤ ቅጠል በሎቹ ተራቡ፤ ከዚያ ሥጋ በሎቹም። ከወፎቹ ጥቂቶቹ ተረፉ።

ማታ መብራት አጥፉና ባትሪ አብሩ። አንድ ተክል ወይም የካርቶን ዳይኖሰር ላይ አብሩበት። ልጁ ነጠላ ያምጣና ብርሃኑ ፊት ይያዘው። አንድ ድርብ ሲሆን ብርሃኑ ይደክማል። እያጠፈ ይጨምር። በስተመጨረሻ ምንም አይታይም። "ተክሉ አሁን ምን ይበላል?" ብላችሁ ጠይቁት።

አንዳንድ ልጅ ይፈራል። "ሌሊት ይመጣል?" ካለ አትሳቁበት። "አሁን በዓለም ላይ አንድም ቲ ሬክስ የለም" ብላችሁ በግልጽ ንገሩት። ከዚያ የዶሮዋን እግር አስታውሱት። ፈጣሪንና ሃይማኖትን የሚነካ ጥያቄ ሲመጣ እንደ ቤታችሁ እምነት መልሱለት፤ ይህ የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ ነው።

የቡና አተላ እንቁላል

ቡና በሚፈላበት ቤት አተላ አይጠፋም። ከእሱ የሚሠራው እንቁላል ሸካራ፣ ቡናማና እውነተኛ አሮጌ ነገር የሚመስል ነው። ሽታውም ደስ ይላል።

የሚያስፈልገው፦ አንድ የሻይ ብርጭቆ የቡና አተላ፣ አንድ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ጨው፣ ግማሽ ብርጭቆ የሚሆን ውኃ። አተላው ከጀበናው ሲወጣ ውኃ የበዛበት ስለሆነ በጨርቅ ጨምቁት።

1. አተላውን፣ ዱቄቱንና ጨውን ሳፋ ውስጥ አደባልቁ። ይህን ልጁ በእጁ ያድርገው። ጣቱ ላይ ቁስል ካለው ግን ጨው ያቃጥለዋል፤ ያን ቀን እናንተ አቡኩለት።

2. ውኃውን ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ጨምሩ። ሊጡ እጅ ላይ መጣበቅ ሲተው ደርሷል። ከረጠበ ዱቄት ጣል አድርጉ። ከፈረሰ ውኃ ነስነስ።

3. ሎሚ የሚያህል ሊጥ ያዙ፣ መሃሉን በአውራ ጣት ጎድጎድ አድርጉ። ውስጡ ትንሽ የፕላስቲክ ዳይኖሰር ክተቱ። ከሌለ ታጥቦ የደረቀ አጠር ያለ የዶሮ አጥንት ይሆናል። አፉን ዝጉና በሁለት መዳፍ እያሽከረከራችሁ እንቁላል አስመስሉት።

4. ፀሐይ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይደር፤ በየግማሽ ቀኑ አገላብጡት። ውስጡ እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠ ይሻግታል። ክረምት ላይ ይህን ጨዋታ ባትሠሩት ይሻላል፤ ፀሐይ አይገኝም።

5. ሲደርቅ ሳፋ ውስጥ አሸዋ ሙሉና ቅበሩት። ለልጁ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ የቀለም ብሩሽና ማንኪያ ስጡት። ቆፋሪ ሳይንቲስት አይቸኩልም፤ በብሩሽ ይጠርጋል። ሳፋው ላይ ሲባጎ አስራችሁ አራት ቦታ ከፍሉት። "ከየትኛው ቤት ወጣ? ከላይ ከቀኝ?" እያላችሁ ቀኝና ግራን አስተምሩ።

6. እንቁላሉን በእንጨት ማንኪያ ቀስ እያለ ይስበረው።

ይህ ሊጥ አይበላም፤ ጨውም ካፌይንም አለው። ታናሽ ሕፃን ካለ ከእጁ አርቁ። በውስጡ የምትደብቁት ነገርም ሊዋጥ የማይችል ይሁን። የዶሮ አጥንት ከሆነ በሳሙና አፍልታችሁ፣ በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ ዘፍዝፋችሁና አለቅልቃችሁ በፀሐይ አድርቁት። የተሰነጠቀውን አውጡ፤ ስለታም ነው።

እግረ መንገዳችሁን ይህን ንገሩት። የእነዚያ ግዙፍ ረጅም አንገቶች እንቁላል እንኳ ከእግር ኳስ እምብዛም አይበልጥም ነበር። ልጁ ኳሱን አምጥቶ ያቅፋል፤ ከዚያ ከኮርኒሱ በላይ አንጋጦ ያያል።

የደንገል አንገት

ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ጋ የተቆረጠ ደንገል ጫፍ አይጠፋም። በትሕትና ከጠየቃችሁ ይሰጣችኋል። አንድ ወይም ሁለት ዘንግ ይበቃል። መጀመሪያ የተቆረጠበትን አፉን አሳዩት። ክብ ይመስላል፣ ግን አይደለም፤ ሦስት ማዕዘን ነው። ውስጡ ነጭና እንደ ስፖንጅ ጭምቅ የሚል ነው። ታንኳው ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው በዚህ አየር በያዘ ነጭ ነገር ነው።

ዘንጉን በቢላዋ ቁረጡ፤ ይህ የአዋቂ ሥራ ነው። ሰባቱን ቁራጮች የጣት ስፋት ያህል አጭር፣ ሌሎች ሰባቱን ረዘም፣ አሥራ ሦስቱን ደግሞ ከሁሉም ረጅም አድርጉ። በወስፌ መሃሉን ብሱ። ጥላ ላይ ይድረቅ። ከዚያ ልጁ በሲባጎ ይሰካ። የሲባጎውን ጫፍ በፕላስተር ብትጠቀልሉት ለመሰካት ይቀላል።

አሁን ሦስቱን አንገቶች አስተኙ። አጭሩ የሰው ነው፤ ሰባት አጥንት። ሁለተኛው የቀጭኔ ነው። "ስንት ነው? ቁጠረው።" እሱም ሰባት! ቀጭኔ አንገቷ የረዘመው አጥንቱ ስለበዛ አይደለም፤ እያንዳንዱ አጥንት ስለረዘመ ነው። ሦስተኛው የጂራፋታይታን ነው። አሥራ ሦስት፤ አንዳንዱ አጥንት ብቻውን ወደ 1 ሜትር ይጠጋ ነበር። ልጁ የራሱን አንገት ከኋላ በጣቱ ይዳስስ፤ ጎርበጥ የሚለው አጥንቱ ነው።

ቶሎ የሚሠሩ

ለመቁጠር፦ ሁለት የቲ ሬክስ የእጅ ጣቶች ናቸው፤ በእያንዳንዱ እጅ ሁለት ብቻ። ሦስት የትራይሴራቶፕስ ቀንዶች። አራት የስቴጎሳውረስ ጭራ እሾሆች። ቁጥር ስትጠሩ ልጁ እንስሳውን ሆኖ ያሳይ።

ለፊደል፦ መሬት ላይ በጠመኔ ሰባት ባለ ሦስት ጣት ዱካ ሣሉ። በየዱካው ደ፣ ዱ፣ ዲ፣ ዳ፣ ዴ፣ ድ፣ ዶ ጻፉ። ልጁ እየዘለለ ይጥራ። "ዳ ላይ ቁም!" በሉት። ዳይኖሰር የሚጀምረው እዚያ ነው።

ለመለካት፦ 12 ሜትር ሲባጎ ቁረጡ። የቲ ሬክስ ርዝመት ይህን ያህል ነው። ልጁ ጫፉን ይዞ ከበራችሁ ወደ ኮብልስቶኑ ይውጣ፣ እናንተ ሌላውን ጫፍ ያዙ። ባጃጅ በማያልፍበት ሰዓት ይሁን።

ለሩጫ፦ ኩኩሉን በዳይኖሰር ተጫወቱ። ፈላጊው ቲ ሬክስ ነው፤ "ኩኩሉ!" ሲል ተደባቂዎቹ "አልነጋም!" ይላሉ። ሲነጋ ግን በጣቱ ብቻ እየተራመደ፣ ክርኑን ወደ ጎኑ አጣብቆ ነው የሚፈልገው። እጁ አጭር ስለሆነ የሚነካው በሁለት ጣት ነው። የጎረቤት ልጆች ሲጨመሩበት ይደምቃል።

ጥርሱ የሚወልቅ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ይህን አጫውቱት። የዳይኖሰር ጥርስ ሲወልቅ ዕድሜ ልኩን ሌላ ይተካለት ነበር። ለዚህ ነው ጥርሳቸው በብዛት የሚገኘው።

ዱካ በዋልካ ላይ

ይህኛው የክረምት ጨዋታ ነው። ዝናቡ አባርቶ ጥቁሩ አፈር ጠፈፍ ሲል፣ ገና ሳይሰነጠቅ፣ ከእሱ የተሻለ ዱካ የሚይዝ ነገር የለም።

በማለዳ ውጡና መጀመሪያ ያለውን አንብቡ። ዶሮ አልፋለች፣ ውሻ አልፏል፣ ጫማ አልፏል። "ማን ነው? ወዴት ሄደ? ብቻውን ነው?" ከዚያ የልጁ ተራ ነው። ጭቃው ላይ ቀስ ብሎ ይራመድ። ከጎኑ ደግሞ ይሩጥ። በሁለት ዱካዎች መሃል ያለውን በሲባጎ ለኩና ቁረጡ። የሩጫው ሲባጎ ይረዝማል። ሳይንቲስቶች ዳይኖሰር ሲሄድ ይሁን ሲሮጥ የሚያውቁት በዚሁ መንገድ ነው፤ ዱካ ለዱካ ያለውን ርቀት ለክተው።

ዱካውን ለማስቀረት ጀሶ ይፈለጋል። ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫ አንድ ኪሎ ግዙ። ኖራ ወይም ሲሚንቶ እንዳይሆን አረጋግጡ፤ ሁለቱም ቆዳ ያቃጥላሉ።

1. ንጹሕ የዶሮ ወይም የልጁን የእግር ዱካ ምረጡ። ዙሪያውን በካርቶን ቀለበት አጥሩት።

2. አሮጌ ጣሳ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውኃ አድርጉ። ሁለት ብርጭቆ ጀሶ ቀስ እያላችሁ ውኃው ላይ በትኑ። ጀሶውን የምትበትኑት እናንተ ናችሁ፤ ዱቄቱ ወደ አፍንጫ እንዳይገባ ልጁ ራቅ ይበል። እንደ አጥሚት ወፈር እስኪል አማስሉ።

3. ወዲያው በዝግታ አፍስሱ። ከመሃል ሳይሆን ከዳር ጀምሩ፤ አለዚያ ዱካው ይበላሻል።

4. ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ልጁ ላዩን በመዳፉ ጀርባ ይንካው። ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል። ስለዚህ እጁን ወይም እግሩን ፈጽሞ እርጥብ ጀሶ ውስጥ እንዳይከት፤ በብዛት ሲሆን ክፉኛ ያቃጥላል።

5. ከሥሩ በማንኪያ ፈልቅቃችሁ አንሡት። ጭቃውን በማግስቱ በጥርስ ብሩሽ እጠቡ። ወደ ውስጥ የገባው ዱካ አሁን ወደ ውጭ ወጥቶ ታገኙታላችሁ።

ከኋላው ቀኑንና የእንስሳውን ስም ጻፉበት፤ ሙዚየም ውስጥም እንዲሁ ይደረጋል። ጣሳ ውስጥ የቀረውን ጀሶ ወደ ቧንቧ ወይም ሽንት ቤት አትድፉት፤ እዚያው ደርቆ ቱቦውን ይደፍናል። ጣሳው ውስጥ ይድረቅና ከቆሻሻ ጋር ይጣል።